«እናንተ» የተባለው ማን ነው? የኢትዮጵያ የትምህርት ቴሌቪዥን ተመልካቹን የሚጠራበት ሰዋስው

1. የጎደለው ጥያቄ

ስለ ኢትዮጵያ የትምህርት ቴሌቪዥን የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ትምህርቱ በየትኛው ቋንቋ ይሰጥ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች፣ ሁለተኛ ደረጃን ለእንግሊዝኛ ከመደበ ወዲህ፣ በስቱዲዮ የሚቀረጽ እያንዳንዱ ትምህርት በዚህ ክፍፍል ውስጥ ቦታውን መፈለግ ነበረበት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አፋን ኦሮሞ አፍ መፍቻው የሆነ ሕዝብ 33.8 በመቶ፣ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ደግሞ 29.3 በመቶ ነበር። እንዲህ ባለ አገር የቋንቋ ምርጫ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ ቋንቋው ከተመረጠ በኋላ የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እስካሁን የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ጣቢያው ተመልካቹን ማን ብሎ ይጠራዋል? አማርኛ ይህን ጥያቄ በዝምታ ለማለፍ አይመችም። ተመልካቹን «አድርግ» ለማለት የፈለገ ተናጋሪ መደቡን፣ ቁጥሩን፣ ነጠላ ከሆነም ጾታውንና የአክብሮት ደረጃውን በግሱ ላይ ማሳየት አለበት። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የትምህርት ቴሌቪዥን ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ቤት ገብቷል፤ ሰዋስው ግን አሁንም በክፍል ውስጥ ተቀምጧል። «እናንተ» የሚለው ጥሪ በተመልካቹ ፊት የሌለ አርባና ሃምሳ ተማሪ ይጠራል። በዚህም ምክንያት ትምህርቱን ይበልጥ የሚፈልገው ሰው፣ ማለትም ከትምህርት ቤት የራቀው፣ የተጠራው እርሱ መሆኑን ሳያውቅ ይቀራል።

2. ከክፍል ወደ ቤት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የትምህርት ሥርጭትም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። የዚያን ጊዜ አድማጭ ግልጽ ነበር። በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሣጥን ፊት፣ በአንድ መምህር ጥበቃ ሥር የተቀመጠ የተማሪ ስብስብ ነው። «እናንተ» ለዚህ ስብስብ የሚስማማ ትክክለኛ ጥሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በሂደት እስከ 15 ቋንቋዎች የደረሰው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሌላ ልምድ አስከተለ። ዘማቹ መምህር ከአያቱ ዕድሜ ሰው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌውን «ይጻፉ»፣ ልጅቱን «ጻፊ»፣ ጎረምሳውን «ጻፍ» ለማለት የሚያስችል ዐይን ነበረው። ለማንም ሳይነገረው ሰዋስውን በተማሪው ልክ ይቀይር ነበር። የመደብ ምርጫ የማስተማር አንዱ ክፍል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው የሳተላይት ትምህርት ይህን ዐይን ወሰደው። ትምህርቶቹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁና በደቡብ አፍሪካ የተቀረጹ ነበሩ። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ይወስዳል፤ የክፍሉ መምህር ድርሻ መግቢያውና ማጠቃለያው ነበር። ተማሪው ያልገባውን ነገር የሚጠይቅበት ቦታ ጠበበ፤ ስክሪኑም ለማንም አይቆምም። ስለ ፕላዝማ የተጻፉ ጥናቶች ፍጥነቱን ደጋግመው ነቅፈዋል። የጥሪው ጉዳይ ግን በዚህ ነቀፋ ውስጥ ተውጦ ቀረ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለውጡ ሙሉ ሆነ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በራዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ሥርጭት የትምህርት ቤት ንብረት ብቻ አይደለም፤ ዲሽ በተተከለበት ቤት ሁሉ ይገባል። በዚያ ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይኖራል። ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ በማታ ትምህርት የምትማር የቤት ሠራተኛ ትኖራለች። ፊደል ቆጥረው ሒሳብ ያልተማሩ አያት፣ ልጃቸውን ሊያስጠኑ የሚሞክሩ አባትም ይኖራሉ። ሁሉም በአንድ ስክሪን ፊት ናቸው። ስክሪኑ ግን ሁሉንም «ተማሪዎች» ይላቸዋል።

3. አማርኛ የሚያስገድደው ምርጫ

የአማርኛ ሁለተኛ መደብ አራት በሮች አሉት፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ። «አንቱ»ም በየአካባቢው አሁንም ይሰማል። በነጠላ ቁጥር ጾታ ይለያል፤ በብዙ ቁጥር አይለይም። የአክብሮቱ ትእዛዝ «ይጨምሩ» በቅርጹ የሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ነው፤ ተናጋሪው የሚያከብረውን ሰው በቀጥታ ከማዘዝ ይልቅ በጎን የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ከአራቱ በሮች ለመሸሽ የፈለገ ተናጋሪ ሦስት መሸሸጊያ አለው። አንደኛው «እኛ» ነው፤ «እንመለከታለን»፣ «እናሰላለን»። ሁለተኛው ተገብሮ ግስ ነው፤ «ይሰላል»፣ «ይጨመራል»። ሦስተኛው አርእስት ነው፤ «ማስላት ያስፈልጋል»፣ «መጨመር ተገቢ ነው»። ሦስቱም ሰዋስዋዊ ናቸው፤ ሦስቱም በጽሑፍ አማርኛ ውስጥ የተከበረ ቦታ አላቸው። አንድ የጋራ ጠባይም አላቸው፤ ማን እንደሚያደርግ አይናገሩም።

ለብሔራዊ ዜና ይህ ጉዳት የለውም፤ የዜና ተመልካች ምንም እንዲያደርግ አይጠየቅም። ትምህርት ግን ከተመልካቹ ድርጊት ይፈልጋል፤ መቁጠር፣ መለካት፣ መገመት፣ ማወዳደር፣ መጻፍ። ድርጊቱ ባለቤት ካጣ ትምህርቱ ትርኢት ይሆናል።

4. አራት ልማዶች

የትምህርት ሥርጭትን አዘውትሮ የሚከታተል ሰው አራት የአነጋገር ልማዶችን በቀላሉ ይለያል። ከዚህ በታች የቀረቡት ምሳሌዎች ልማዶቹን ለማሳየት የተዘጋጁ እንጂ ከአንድ የተለየ ፕሮግራም የተወሰዱ አይደሉም።

የመጀመሪያው «ውድ ተማሪዎች» የሚለው መክፈቻና ከእርሱ ጋር የሚመጣው «እናንተ» ነው። መክፈቻው ከመጀመሪያው ቃል ተመልካቹን በሁለት ይከፍለዋል። ተማሪ የሆነ ይቀመጣል፤ ተማሪ ያልሆነ ሌላ ሰው የሚጠራበት ቤት እንደገባ እንግዳ ይቆማል። የማታ ተማሪዋ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ሳሎን ውስጥ ብትሆንም ትምህርቱ ለቤቱ ልጆች እንጂ ለእርሷ እንዳልሆነ ከጥሪው ትረዳለች። ማንም አላባረራትም፤ ሰዋስው ግን አልጠራትም።

ሁለተኛው ልማድ «እኛ» ነው። «ዛሬ ስለ ክፍልፋይ እንመለከታለን፤ በመቀጠልም ምሳሌዎችን እንሠራለን» በሚለው አነጋገር ውስጥ «እንመለከታለን» ሁለቱንም ወገኖች ያቅፋል፤ መምህሩ ያሳያል፣ ተማሪው ያያል። «እንሠራለን» ግን አያቅፍም። የሚሠራው መምህሩ ብቻ ነው፤ ተማሪው ሲሠራ ያየዋል። አማርኛ ሰሚውን የሚያካትት «እኛ» እና ሰሚውን የሚያገል «እኛ» ብሎ በቅርጽ አይለይም። ስለዚህ መገለሉ አይታይም። ተመልካቹ በቋንቋው የሥራው ተካፋይ ነው፤ በተግባር ግን እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ሦስተኛው ልማድ ተገብሮው ነው፤ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየውም በጤና ትምህርት ላይ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በቤት ውስጥ የሚዘጋጀው የስኳርና የጨው ውሕድ የታወቀ መጠን አለው፤ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያውም ሳይቆለል። በተለመደው የሥርጭት አማርኛ ይህ እንዲህ ይነገራል፦ «በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እንዲጨመር ከተደረገ በኋላ በሚገባ እንዲበጠበጥ ይደረጋል።» ዐረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም፤ አድራጊም የለበትም። ሦስት የመጠን መረጃዎች በአንድ እስትንፋስ ያልፋሉ። አንዲት እናት «ስድስት ማንኪያ ስኳርና ጨው» ብላ ብትይዘው ጥፋቱ የእርሷ አይሆንም። ጨው የበዛበት ውሕድ ደግሞ ልጁን ይጎዳል።

ያው መረጃ በአክብሮት ትእዛዝ ሲነገር ሌላ ቅርጽ ይይዛል፦ «አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይለኩ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ፤ ማንኪያው አይቆለል። አሁን ጨው፤ ከግማሽ ማንኪያ አያሳልፉ። ይበጥብጡት።» ግሱ ሰው ሲጠራ ዐረፍተ ነገሩ በራሱ ያጥራል፤ አንድ ትእዛዝ አንድ ድርጊት ስለሚፈልግ። «አይቆለል» ለሚለው ማስጠንቀቂያም ቦታ ተገኘ። በተገብሮው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያንን ማስጠንቀቂያ ለማስገባት ሌላ ጥገኛ ሐረግ መጨመር ያስፈልግ ነበር።

አራተኛው ልማድ መልስ የማይጠብቅ ጥያቄ ነው። «ገባችሁ?» ይላል አስተማሪው፤ ወዲያው ይቀጥላል። በክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ ከፊት ለፊት ከሚታዩት ፊቶች መልስ ያገኝ ነበር፤ በስክሪን ላይ የቀረው ልምዱ ብቻ ነው። ግሱም ትኩረት ይስባል። «ገባኝ» በሚለው አነጋገር ዕውቀቱ ባለቤት፣ ሰውየው ተሳቢ ነው። «ተረዳሁ» ሲል ግን ሰውየው ባለቤት ይሆናል። «ገባችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ አስተማሪ ነገሩ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቃል፤ «ምን ተረዳችሁ?» የሚለው ደግሞ ተማሪው ያደረገውን ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው በዝምታ ሊመለስ ይችላል፤ ሁለተኛው አይመለስም።

5. ከእንግሊዝኛ የተወረሰ ቅርጽ

እነዚህ ልማዶች ከየት መጡ? ከፊሉ ከመማሪያ ክፍል፣ ከፊሉ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አማርኛ፣ ከፊሉ ደግሞ ከትርጉም ነው። የእንግሊዝኛ የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም ቁጥርንም፣ ጾታንም፣ አክብሮትንም አይለይም። ከእንግሊዝኛ የተነሣ ጽሑፍ ስለ ተጠሪው ምንም ሳይነግር ወደ አማርኛ ተርጓሚው ይደርሳል። ተርጓሚው ያልተነገረውን መፈልሰፍ አለበት፤ ብዙውን ጊዜም ሳያስብ «እናንተ»ን ይወስዳል።

የቃላት ቅደም ተከተሉም ችግር ያመጣል። በእንግሊዝኛ ግሱ ቀድሞ ይመጣል፤ ሥዕሉም በዚያ ልክ ይቆረጣል። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ የአድራጊውም ምልክት እዚያው ነው። ረጅም ጥገኛ ሐረጎች ባሉት ዐረፍተ ነገር ተመልካቹ «ማን ያድርገው?» ለሚለው መልስ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። መልሱ ሲመጣ ሥዕሉ አልፏል። ይህ የአማርኛ ጉድለት አይደለም። በአማርኛ የታሰበ ጽሑፍ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን ይመርጣል፤ ሥዕሉንም በግሱ ላይ ያሳርፋል።

በሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ ትምህርት ደግሞ በመምህራን ንግግር ውስጥ የታወቀ ድብልቅ አለ፤ «ኢኩዌሽኑን ሶልቭ እናድርግ»፣ «ቫልዩውን ሰብስቲትዩት አድርጉ»። የዚህ ዐረፍተ ነገር ስሞች እንግሊዝኛ ናቸው፤ ትርጉም ተሸካሚው ግስም እንግሊዝኛ ነው። ለአማርኛ የቀረው «አደረገ» የሚለው ረዳትና በላዩ ያለው የመደብ ምልክት ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ንግግር አማርኛ ለትምህርቱ የሚያዋጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተመልካቹን መጥራት። ያንን አንዱን ሥራ ሳይጨነቁ መሥራት ከድብልቁ የከፋ ጥፋት ነው።

ስለ ሙያ ቃላት ብዙ ተደክሟል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የጀመረው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላት ሥራ ለመዝገበ ቃላት በቅቷል፤ «ብርሃን አስተፃምሮ»ን የመሰሉ ስያሜዎች ዛሬም ያከራክራሉ። የዚያ ሥራ ክብደት በስሞች ላይ ነበር። የማስተማሪያ ግሶች፣ ማለትም «ገምት»፣ «አወዳድር»፣ «አስላ»፣ «አረጋግጥ»፣ ስያሜ አያስፈልጋቸውም፤ ሁሉም በእጅ አሉ። የሚያስፈልጋቸው ማንን እንደሚጠሩ የሚወስን ሰው ነው።

6. ለ«እናንተ» መከራከር ይቻላልን?

ለ«እናንተ» የሚቀርብ ጠንካራ መከላከያ አለ፤ ሳይመዘን ሊታለፍ አይገባም። አንደኛ፣ ብዙ ቁጥር ጾታ ስለማይለይ ሴት ተመልካችን አያገልም። ነጠላው «አንተ» ለረጅም ጊዜ የሁሉ ወኪል ሆኖ በመማሪያ መጻሕፍት ሲሠራበት ልጃገረዶች በራሳቸው ቋንቋ ሳይጠሩ ቆይተዋል። ሁለተኛ፣ ታላቅን «አንተ» ማለት ነውር ነው፤ ሕፃንን «እርስዎ» ማለትም ያስቃል። ሦስተኛ፣ ቤተሰብ በአንድነት ስለሚያይ ብዙ ቁጥሩ እውነት ነው።

ሦስቱም ነጥቦች ትክክል ናቸው። «እናንተ» የጋራ ሰላምታ ሆኖ ቢቀር ማንም አይነቅፈውም። ችግሩ የክፍል «እናንተ» እና የቤት «እናንተ» አንድ አለመሆናቸው ነው። የክፍሉ ብዙ ቁጥር እኩዮችን ይጠራል፤ ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራሉ። የቤቱ ብዙ ቁጥር ግን በዕድሜ፣ በችሎታና በሥልጣን የተለያዩ ሰዎችን ይይዛል። እነርሱን በአንድ ትእዛዝ መጥራት ማንንም አለመጥራት ነው።

አማርኛ ለዚህ መፍትሔ አለው፤ የሦስተኛ መደብ ትእዛዝ። «ታናሽየው ይቁጠር፤ ታላቂቱ ትጻፍ፤ አዋቂዎች ይፍረዱ» ማለት ይቻላል። ይህ አነጋገር ቤተሰቡን ከነልዩነቱ ይጠራል፤ ለእያንዳንዱም ሥራ ይሰጣል። አክብሮትን አይጥስም፤ ጾታንም አይደብቅም። በማናቸውም አማርኛ ተናጋሪ ቤት እራት ሲቀርብ የሚሰማ የዕለት ተዕለት ሰዋስው ነው።

7. በቤት ውስጥ የነበረ ትምህርት

የቤት ውስጥ ትምህርት በአማርኛ አዲስ ነገር አይደለም። እንቆቅልሽ አለ። ጠያቂው ወንዱን «እንቆቅልህ»፣ ሴቷን «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ወይም «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ጥያቄው ይቀርባል። ተጠያቂው ካልቻለ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ወይም «አገር ስጪኝ» ይላል፤ አገር ሳይሰጥ መልሱ አይነገርም።

ይህ ቅርጽ ለትምህርት ቴሌቪዥን አዘጋጅ አራት ነገር ያስተምራል። ጥሪው ሰውየውን በጾታውና በቁጥሩ ይለየዋል። ተጠያቂው ጥያቄው ከመነገሩ በፊት መገኘቱን በድምፁ ያረጋግጣል። የማሰቢያ ጊዜ በጨዋታው ሕግ ውስጥ አለ። አለማወቅም ነውር አይደለም፤ አገር ሰጥቶ ይታለፋል። «ገባችሁ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ቢነጻጸር ይህ የቤት ጨዋታ በማስተማር ጥበብ ይበልጣል።

በአማርኛ የልጆች ትምህርታዊ ዝግጅቶች መካከል ከመስከረም 1999 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ሌላ መፍትሔ ያሳያል። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር የፈጠረችው ይህ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት አግኝቷል። ርእሱ ብቻውን ለሰዋስው ተማሪ በቂ ጽሑፍ ነው። ፀሐይ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት፤ ስም አላት፤ ግሷም «ትወዳለች» ነው፤ ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ ሴት። ርእሱ ልጁን «ተማር» አይለውም፤ ትምህርት የምትወድ አንዲት ልጅ አለች ይለዋል። ተማሪው በብዙ ቁጥር ከመጠራት ይልቅ በነጠላ ይታያል። መማር የሚለው አርእስትም እዚህ አድራጊ አላጣም፤ የሚወደው ሰው አጠገቡ ቆሟል። ርእሱ የአራቱን በሮች ምርጫ በታሪክ በኩል አልፎታል።

8. የጎረቤት ቋንቋዎች ምስክርነት

የጉዳዩ ክብደት የሚታየው አንድ ጽሑፍ ከአማርኛ ወደ ሌላ የአካባቢው ቋንቋ ሲሻገር ነው። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ታስቧል። ስለዚህ የአንድን ቋንቋ የትምህርት ጽሑፍ ወደ ሌላው ማሻገር ወደፊት የሚበዛ ሥራ ነው።

ትግርኛ በብዙ ቁጥርም ጾታ ይለያል፤ ለወንዶች «ኣንብቡ»፣ ለሴቶች «ኣንብባ»። ስለዚህ አማርኛው በ«አንብቡ» የሸሸው የጾታ ጥያቄ በትግርኛ ተመልሶ ይመጣል፤ የወንዱ ቅርጽ ለሁሉ ይሁን ወይስ ሁለቱ ይፈራረቁ የሚለውን ሰው መወሰን አለበት። አፋን ኦሮሞ በተቃራኒው በነጠላው ትእዛዝ ጾታ አይለይም፤ «ዱብቢሲ» ለወንድም ለሴትም ነው። አንድን ልጅ ለይቶ መጥራት ለአፋን ኦሮሞ አዘጋጅ ቀላል ነው። አማርኛውን ተከትሎ ወደ ብዙ ቁጥር «ዱብቢሳ» መሄድ ቋንቋው የሰጠውን ዕድል መጣል ነው።

ሶማሊኛ ደግሞ ለ«እኛ» ልማድ መመርመሪያ መሣሪያ ይሆናል። ሰሚውን የሚያካትተው «ኢናጋ» እና ሰሚውን የሚያገለው «አናጋ» የተለያዩ ተውላጠ ስሞች ናቸው። ተውላጠ ስሙን መግለጽ የፈለገ የሶማሊኛ ተርጓሚ «ምሳሌዎችን እንሠራለን» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ የሚሠራው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ያ ጥያቄ መጀመሪያውኑ የአማርኛው ጸሐፊ ጥያቄ መሆን ነበረበት። በአማርኛ የተሰወረው መገለል በሶማሊኛ በግልጽ ይጻፋል።

ከዳሬሰላም የሚመጣውም ልምድ ይጠቅማል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ኡቦንጎ በቀጣዩ ዓመት «ኡቦንጎ ኪድስ»ን በኪስዋሂሊ ማሰራጨት ሲጀምር ልጆች በተራ የእጅ ስልክ የጽሑፍ መልእክት ለጥያቄዎች መልስ እንዲልኩ አደረገ። ኪስዋሂሊ ለነጠላ «ሶማ»፣ ለብዙ «ሶሜኒ» ይላል፤ ጾታ አይለይም። ይህ ለአዘጋጁ ያቀለለት ነገር አለ። ቁም ነገሩ ግን የመልስ ቦታ መኖሩ ነው። መልስ የሚጠብቅ ጣቢያ ማን እንደሚመልስ ለማሰብ ይገደዳል፤ ጥሪውም በዚያ ልክ ይስተካከላል።

9. ምን ይደረግ?

ከዚህ ሂስ የሚነሣው ሐሳብ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። የእያንዳንዱ የሥርጭት ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር ተጠሪውን ይግለጽ፤ «ለማታ ተማሪዎች»፣ «ለሕፃናት ወላጆች»፣ «ለቤተሰብ»። በእጅ የሚሠራ ነገር የሚያሳይ ዝግጅት፣ በተለይም የጤናና የምግብ ትምህርት፣ በአክብሮት ትእዛዝና በአጭር ዐረፍተ ነገር ይነገር። የልጆች ጥያቄዎች «አንተ»ንና «አንቺ»ን ያፈራርቁ። «እንሠራለን» የሚል ጽሑፍ ተመልካቹ የሚሠራበት የዝምታ ጊዜ ይኑረው፤ ከሌለው «እሠራለሁ፤ ተከተሉኝ» ቢል ሐቀኛ ይሆናል። ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚሻገር ጽሑፍ የተጠሪ መግለጫው አብሮት ይሻገር፤ ተርጓሚው እንደ ቋንቋው ሰዋስው ይወስን እንጂ የአማርኛውን ብዙ ቁጥር እንዲቀዳ አይገደድ።

ለቋንቋ ተመራማሪዎችም ሊቆጠር የሚችል ሥራ አለ። በአንድ የትምህርት ሰዓት ውስጥ ስንት ግስ ተመልካቹን ይጠራል? ከእነዚህ ስንቱ ትእዛዝ፣ ስንቱ ተገብሮ፣ ስንቱ «እኛ» ነው? ከጥያቄ በኋላ ዝምታው ስንት ሰከንድ ይቆያል? እነዚህ በአንድ የድምፅ ቅጂና በአንድ ሰንጠረዥ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ጎን ለጎን ቢሠሩ ስለ ሥርጭቱም ስለ ቋንቋዎቹም አዲስ ነገር ይነግራሉ።

የቋንቋ ምርጫው ክርክር ይቀጥላል፤ መቀጠልም አለበት። ሆኖም የማታ ተማሪዋ ሠራተኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ «ውድ ተማሪዎች» ብትባልም የተጠራችው የቤቱ ልጆች ክፍል እንጂ እርሷ አይደለችም። የተመረጠው ቋንቋ የሚያስተምራት ከግሶቹ አንዱ እርሷን ሲጠራ ነው።